የምርጫ ቃልና የምርምር በጀት

የሳይንስ ምርምር በጀት ብዙውን ጊዜ የጥቂት ባለሙያዎችና የገንዘብ ሚኒስቴር ሹማምንት ጉዳይ ሆኖ ይኖራል። የሕዝብ ድምፅ የሚጠየቅበት ዐቢይ የክርክር ርእስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ከነዚህ አጋጣሚዎች አንዱ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ሲሆን፣ ለባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ዛሬም አላረጀም።

በዚያን ጊዜ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ከ1951 ጀምሮ በሥልጣን ላይ ነበር። የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከምዕራብ ጀርመንና ከጃፓን ጋር ሲነጻጸር ዕድገቱ አዝጋሚ ነበር። በ1963 ደግሞ የሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ ስለ ሳይንቲስቶች ፍልሰት ያወጣው ጥናት ብዙ ተመራማሪዎች አገራቸውን እየለቀቁ፣ ይልቁንም ወደ አሜሪካ እየሄዱ መሆናቸውን ገለጸ። ለእኛም እንግዳ ያልሆነው የምሁራን ፍልሰት ጉዳይ በጋዜጦችና በምክር ቤቱ መነጋገሪያ ሆነ።

የሌበር ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ይህንን አጋጣሚ ሳይጠቀምበት አላለፈም። ጥቅምት 1 ቀን 1963 በስካርቦሮ ከተማ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ላይ ባሰማው ንግግር፣ ብዙ ሳይንቲስቶችን ማሠልጠን፣ የሠለጠኑትን በአገር ውስጥ ማቆየትና የምርምር ውጤታቸውን በኢንዱስትሪ ላይ ማዋል እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ከዚህ ሐሳብ ጀርባ በ1948 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘውን ፓትሪክ ብላኬትን የመሳሰሉ፣ ፓርቲውን ለዓመታት ሲያማክሩ የነበሩ ሊቃውንት ነበሩ።

ሌበር ፓርቲ በጥቅምት 1964 በአራት መቀመጫ ብልጫ ብቻ አሸነፈ። ወዲያውም የቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1965 መንግሥቱ ቲ.ኤስ.አር. 2 የተባለውን የጦር አውሮፕላን ሥራ ሰረዘ፤ ኮንኮርድን ለመተው የነበረው አሳብም ከፈረንሳይ ጋር በ1962 በተፈረመው ውል ምክንያት ሳይፈጸም ቀረ።

ይህ በአንዳንዶች ዘንድ ቃልን እንደማጠፍ ተቆጠረ። ነገሩ በጥልቀት ሲመረመር ግን ሌላ መልክ አለው። ብሪታንያ ከብሔራዊ ገቢዋ ለምርምር የምታወጣው ድርሻ በዚያን ዘመን ከጀርመንና ከጃፓን ይበልጥ ነበር። ከዚህም ገንዘብ ከፍተኛው ክፍል የሚውለው ለመከላከያና ለአቪዬሽን ነበር። ስለሆነም ዋናው ጥያቄ የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን የሚውልበት ቦታ ነበር፤ ነገር ግን ቦታውን መለወጥ ማለት ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነውና፣ በምርጫ መድረክ ላይ በግልጽ ለመናገር የሚመች ጉዳይ አልነበረም።

የኋላ ኋላም በ1967 ፓውንድ ከዋጋው እስኪቀነስ ያደረሰው የውጭ ንግድ ሚዛን ችግር የመንግሥቱን ወጪ አጠበበው፤ የቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም በ1970 ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ፈረሰ። ዊልሰን በ1963 ያቀረበው በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አሳብ ግን በ1969 ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ፍሬ አፈራ። ይህ ተቋም እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ሳይንስ በምርጫ ክርክር መወሳቱ ባለሙያውን ሊያስደስተው ይገባል፤ ሊያዘናጋው ግን አይገባም። ምርምር የብዙ ዓመታት ሥራ ሲሆን የምርጫ ዘመን አጭር ነው። በዚህ የተነሳ የባለሙያው ድርሻ ለተስፋው ቃል ማጨብጨብ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ፣ ከየትኛው ተቀንሶና እስከ መቼ እንደሚሰጥ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መጠየቅ ነው።