«ጀማሪ» ካሜራና «የባለሙያ» ካሜራ፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ካሜራ ከዱባይ ስናመጣ የደንበኛው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ነው። እኛም ዓመታት በዚሁ ቁጥር ገዝተን በዚሁ ቁጥር ሸጠናል። ታሪኩን ቀደም ብለን ብናውቀው ኖሮ ብዙ ገንዘብ ባልከሰርን።

በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካኖን ሁለት ዲኤስኤልአር አወጣ። 10ዲ 1,500 ዶላር፣ 300ዲ ደግሞ ያለ ሌንስ 900 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱም 6.3 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ፎቷቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ መለየት ይከብዳል። የ10ዲ አካል ማግኒዚየም ነው፣ የ300ዲ ፕላስቲክ። አንዳንዱ አገልግሎት ግን 300ዲ ውስጥ እያለ በሶፍትዌር የተቆለፈ ነበር፤ ጎበዞች ሶፍትዌሩን ቀይረው ከፈቱት። «ጀማሪ» የሚባለው ካሜራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የተሠራው፦ ፎቶውን ሳይነኩ ሌላውን በመቀነስ።

የኒኮን ቅነሳ ግን ለነጋዴ የባሰ ነው። ከ1986 ጀምሮ የኒኮን ሌንስ የሚያጠራው ካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር ነበር። በ2006 የወጣው ርካሹ ዲ40 ይህ ሞተር የለውም፤ በ2008 የወጣው ዲ90 አለው። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ «ሌንስ አለኝ» ብሎ ርካሹን ወሰደ። ሌንሱ ገባ፣ ግን በራሱ አላጠራም። ሙሽሮች እየገቡ በእጅ ማጥራት ምን እንደሚመስል አስቡት! ሰኞ መለሰው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ የትኛው ሌንስ እንዳለው አልጠየቅነውም።

ካኖን ዘንድ ችግሩ በተቃራኒው ነው። ከ300ዲ ጋር የሚሸጠው ትንሹ ሌንስ በ2005 በወጣው ባለ ትልቅ ሴንሰር 5ዲ ላይ ጭራሽ አይገጥምም። ካሜራ ያሳደገ ሰው ሌንሱንም እንደገና ይገዛል።

ቪዲዮ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ2008 5ዲ ማርክ 2 ሙሉ ኤችዲ ሲቀርጽ ዋጋው 2,700 ዶላር ነበር፤ በ2010 550ዲ ይህንኑ በ800 ዶላር አደረገው። ለቀን ቀረጻ ጀማሪው ይበቃል። ማታ ዳስ ውስጥ ግን ትልቁ ሴንሰር ያሸንፋል።

ያገለገለ 5ዲ ማርክ 2 ስናገኝ ዛሬ ሜጋፒክስሉን አናይም፤ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ እናስነብባለን። ካኖን የፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው፣ የሰርግ ሰው ደግሞ ይህን በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል።