አልጋ ከማንጠፍ እስከ ቀዶ ጥገና

በየሆስፒታሉ ኮሪደር «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ሰሌዳ አይጠፋም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘን ተጨመረ። ተረኛዋ ነርስ ቀና ብላ ካላየችህ ግን ሰሌዳው ምን ይፈይዳል? የሆስፒታል ሠራተኛ ልቡን ለሥራው የሚሰጠው መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ከመመሪያዎቹ ይልቅ የሚመልስልኝ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ነው።

ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከአውስትራሊያ፣ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ደግሞ ከኒውዚላንድ ናቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ። (ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልትም ለንደን ውስጥ ነርስነት የተማሩ ነበሩ፤ በ1942 ገና በወጣትነታቸው አረፉ።) እዚያ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ጉዳት ገጠማቸው። ምጥ ለቀናት ሲጠና የሕፃኑ ጭንቅላት የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናቲቱን ባል ይፈታታል፣ በሽታው የተነሳ ሰው ይሸሻታል።

ማሚቱ ጋሼ ከነዚህ አንዷ ነበረች። በ1962 ከገጠር ስትመጣ ዕድሜዋ ወደ 16 ገደማ ነው፤ ማንበብም መጻፍም አታውቅም። ሕክምናዋን እየተከታተለች አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎች ታማሚዎችን መርዳት ጀመረች። ሬጂናልድ ታዲያ ልጅቷን አዩ። መጀመሪያ መሣሪያ አቀብዪኝ አሉ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሰፋ አሳዩ። ዓመታት አለፉ፤ ወይዘሮ ማሚቱ ራሳቸው ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሆኑ። ለመማር ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች፣ ከነዲግሪያቸው፣ አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን ይከታተሉ ነበር። በ1989 ከለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኙት ከሃምሊኖቹ ጋር ነው።

አሜሪካዊው ጄምስ ማክግሪጎር በርንስ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ አመራርን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ «ሥራህን ሥራ፣ ደመወዝህን ውሰድ» የሚለው የልውውጥ አመራርና ተከታዩን ከፍ የሚያደርገው የለውጥ አመራር። ሃምሊኖቹ የራሳቸውን ሆስፒታል ያቋቋሙት በ1974፣ ልክ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ስለሆነ ከመጽሐፉ ይቀድማሉ።

በእኔ ግምት ሠራተኛውን የያዘው ስብከት አይደለም። አለቆቹ ራሳቸው ጓንት አጥልቀው ይሠሩ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከነርስ ረዳቶቹ ብዙዎቹ እዚያው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። አዲስ ገቢዋ በሽታዋ አፍራ ጥግ ስትይዝ፣ ቀርባ የምታቅፋት ሴት ያንኑ ያየች ናት። ለዚህ ምን ዓይነት የሥነ ምግባር ሥልጠና ያስፈልጋል? ከሁሉ በላይ ግን ሙያ አልተደበቀም። እኛ ጋ እኮ ዕውቀት በማዕረግ ይታጠራል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ጥያቄ ብትጠይቅ «ምን አገባሽ» ነው።

ሃምሊኖቹን ቅዱሳን ላደርጋቸው አልፈልግም። ሆስፒታሉ በአብዛኛው በውጭ እርዳታ የሚኖር፣ አንድ ጉዳት ላይ ያተኮረ ነው። በአንድ ፈረቃ የታማሚ መዓት የሚወርድባትን፣ ጓንት አልቆባት የምትንገላታ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ «እንደ ካትሪን ሁኚ» ማለት ግፍ ነው። ደመወዝና ዕቃ ያላሟላ አለቃ ስለ ተነሳሽነት ቢያወራ ማን ይሰማዋል?

ደግሞስ መሪው ሲሄድ? ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ካትሪን እስከ 2020 ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 96 ዓመታቸው፣ እዚሁ ቆዩ። በመሃሉ ሥራው ወደ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ይርጋለምና መቱ ሰፍቷል። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ምሩቆቹ በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ፣ ጉዳቱ ሳይደርስ እንዲቀር። ባልና ሚስቱ ይችን አገር የረገጡበት ሥራ ይኸው ነበር፣ 48 ዓመት ቀደም ብሎ።