ንግግር በሌለበት ፊልም የሙዚቃ ድርሻ

የሲኒማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ታላላቆቹ ፊልሞች ናቸው። ተማሪዎች ለትምህርታቸው የሚሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች ግን ከመምህራኑ አልፈው እምብዛም ስለማይታዩ ታሪካቸው ተረስቶ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ አንዱን አንሥቶ፥ ለተማሪ ፊልም የሚደረስ ሙዚቃ ምን ያህል ኀላፊነት ሊሸከም እንደሚችል ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊልሙ በ1958 በፖላንድ አገር የተሠራው «ሁለት ሰዎችና አንድ ቁም ሣጥን» የተባለው ነው። አዘጋጁ ሮማን ፖላንስኪ በዚያን ጊዜ በዉች ከተማ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረ። ፊልሙ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሲሆን ተዋንያኑ አይነጋገሩበትም። ሁለት ሰዎች መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን ተሸክመው ከባሕር ይወጣሉ። ወደ ከተማ ገብተው በትራም ለመሳፈር፥ ምግብ ቤት ለመግባት፥ ሆቴል ለማደር ቢሞክሩ ስለ ሸክማቸው ይከለከላሉ፤ በጎረምሶችም ይደበደባሉ። በመጨረሻም ሣጥናቸውን እንደ ተሸከሙ ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ።

እንዲህ ያለው ታሪክ ያለ ቃል ሲቀርብ፥ ተመልካቹ በሁለቱ ሰዎች ይሣቅ ወይስ ይዘንላቸው በሥዕሉ ብቻ አይወሰንም። ይህን የመወሰን ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በሙዚቃው ደራሲ ላይ ነበረ። ደራሲውም በ1931 በፖዝናን ከተማ የተወለደው ክሽሽቶፍ ኮሜዳ ነው። ኮሜዳ በትምህርቱ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሲሆን የቤተሰቡ ስም ትሽቺንስኪ ነበረ። «ኮሜዳ» የሚለውን ስም የያዘው ጃዝ መጫወቱን የሥራ ባልደረቦቹ እንዳያውቁበት ነው።

ስሙን መደበቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። በስታሊን ዘመን የፖላንድ ባለሥልጣኖች ጃዝን የጠላት ወገን ሙዚቃ አድርገው ይመለከቱት ስለ ነበረ፥ ወዳጆቹ በየግል ቤቱ እየተሰበሰቡ ይጫወቱት ነበር። በነሐሴ ወር 1956 በሶፖት የባሕር ዳርቻ ከተማ ታላቅ የጃዝ በዓል ሲደረግ፥ ስድስት ሰዎች ያሉበት የኮሜዳ ጓድ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ዝናን አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሣጥኑ ጋር የወጡት ሁለቱ ሰዎችም የታዩት በዚያው በሶፖት ዳርቻ ነው።

ጃዝ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነውና ለኀዘን ታሪክ አይስማማም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በጸሐፊው አስተያየት ግን ምርጫው ተገቢ ነበረ። ራሱ በየቤቱ ተደብቆ የኖረ ሙዚቃ፥ በየደጁ ለሚባረሩ ሰዎች አንደበት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ኮሜዳ የሰዎቹን እርምጃና መውደቅ እየተከተለ በድምፅ ከመድገም ይልቅ፥ ከተማው የነፈጋቸውን ርኅራኄ በዜማ ሰጣቸው። ቅኔ የተማረ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቁም ሣጥኑ ሰም ነው፥ ወርቁን ፈልገን እንድናገኝ የሚረዳን ግን ዜማው ነው።

ፊልሙ በዚያው በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገው የሙከራ ፊልሞች ውድድር ተሸለመ። ለፊልም ሙዚቃ መድረስን በተማሪ ሥራ የጀመረው ኮሜዳም በ1962 «ቢላዋ በውኃ ውስጥ»ን፥ በ1968 ደግሞ «የሮዝሜሪ ሕፃን»ን ለዚያው ለፖላንስኪ ደረሰ። በሚያዝያ ወር 1969 በ37 ዓመቱ በዋርሶ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። የተማሪ ፊልም ገንዘቡ ጥቂት፥ መሣሪያውም ጐደሎ ስለሚሆን፥ ሙዚቃውን ጉድለት መሸፈኛ ማድረግ የተለመደ ነው። የዉቹ ተማሪና ሐኪሙ ግን ሙዚቃውን መሸፈኛ አላደረጉትም፤ መናገር ላልቻሉት ሰዎች መናገሪያ አደረጉት እንጂ። ለተማሪ ፊልም ሙዚቃ የሚደርስ ሰውም «የት ቦታ ዝም ይላል?» ከማለቱ በፊት «በዚህ ታሪክ የሚናገርለት ያጣው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።