ራስን መግታት፦ ውሻ ትዕግሥትን የሚማርበት መንገድ

የውሻ አሠልጣኞች «ኢምፐልስ ኮንትሮል» የሚሉትን ችሎታ በአማርኛ «ራስን መግታት» ብንለው ይስማማዋል። ውሻው ሥጋ፣ ድመት ወይም የተከፈተ በር እያየ ወዲያው ሳይወረወር ባለቤቱን መጠበቅ ሲችል ራሱን ገታ እንላለን። «ራስን መግዛት» ከሰው ምግባርና ከጾም ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ ለእንስሳ የቅጽበት ትዕግሥት «መግታት» ይቀርባል።

ይህ ችሎታ ከፍርሃት ጋር መምታታት የለበትም። ዱላ ያየ ውሻም ይቆማል፤ ዱላው ዞር ሲል ግን ይዘላል። ራሱን መግታት የለመደ ውሻ የሚቆመው ትዕግሥቱ የሚፈልገውን እንደሚያስገኝለት ስላወቀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያስረዳውም ይህንኑ ነው፦ እንስሳ አብዝቶ የሚወደው ድርጊት ብዙ ለማይወደው ድርጊት ሽልማት ይሆናል። ለመውጣት ለሚጓጓ ውሻ መውጣቱ ራሱ ሽልማት ነው።

ልምምዱ በእጅ ይጀመራል። ቁራጭ ሥጋ ጨብጠው ለውሻው ያቅርቡለት። ያሸታል፣ ይልሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል። አይቆጡት፤ እጅዎንም አይክፈቱ። አፍንጫውን ለአፍታ እንኳ ሲመልስ እጅዎን ይክፈቱ፤ ሊነጥቅ ከመጣ መልሰው ይጨብጡ። የተከፈተ እጅ እያየ ሲቆም ሥጋውን አንሥተው ይስጡት።

ቀጥሎ የሚጠበቀው ዓይኑ ነው። ከሥጋው ቀና ብሎ ፊትዎን ሲያይ በዚያው ቅጽበት «ጎበዝ!» ብለው ይሸልሙት። ወደ ሰው ዞሮ ማየት ለውሻ እንግዳ ነገር አይደለም። የሀንጋሪው ተመራማሪ አዳም ሚክሎሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ሊደርሱበት የማይችሉት ምግብ የገጠማቸው ውሾች ወደ ሰው ዞረው አይተዋል፤ በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ግን ይህን እምብዛም አላደረጉም። ሥልጠናው ያንን ዝንባሌ በሽልማት ያጠነክረዋል።

ከዚያ ወደ ግቢው በር ይሂዱ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ መታገሥን የሚለማመድበት ዕድል ስለሌለው፣ ሲፈታ ወደ መኪና መንገድ ሊፈተለክ ይችላል። በማሰሪያ ይዘውት በሩን ገርበብ ያድርጉ፤ ከተጋፋ ይዝጉት። ወደ ኋላ ብሎ ፊትዎን ሲያይ ከፍተው አብራችሁ ውጡ። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ ይበቃል፤ ጊዜውን ቀስ በቀስ ያርዝሙት። ቡችላ ቶሎ ስለሚሰላች ልምምዱ አጭር ይሁን።

ቤተሰቡም ዘበኛውም አንድ ደንብ ይያዙ። እርስዎ ሲጋፋ የሚዘጉበትን በር ሌላው ሲጋፋ ከከፈተለት፣ ውሻው የሚማረው ይበልጥ አጥብቆ መጋፋትን ነው።