ከምርኮኛነት ወደ ጌትነት፦ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤት በአራዳ

በአገራችን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የጌታ ቤት የሚባለው ሚስትና ልጅ ብቻ አልነበረም። እልፍኝ አስከልካዩ፥ አጋፋሪው፥ ወታደሩ፥ ባለሟሉና የጓዳው ሠራተኛ ሁሉ ለጌታው ያደረ የቤቱ ሰው ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት እንዴት እንደ ዘለቀ ለማየት የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ሕይወት በአጭሩ እንመረምራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ የጨቦ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ገቡ። እዚያም በአገልግሎትና በምክር አዋቂነት ከፍ አሉ፤ የፈረስ ስማቸውም አባ መላ ተባለ። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሲወድቁ ማዕርጋቸውን ወረሱ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሲሸነፍ ከድሉ ዋና መሪዎች አንዱ ነበሩ።

አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። ለየመኳንንቱ መሬት ተመርቶ፥ የጌታው ግቢ መካከል ሆኖ ተከታዮቹ በዙሪያው ይሰፍሩ ነበር። የራስ መኰንንና የደጃች ውቤ ሰፈሮች በዚሁ ዓይነት ተሰየሙ። ከአራዳ ወደ መርካቶ ሲኬድ የሚገኘው ድልድይም እስከ ዛሬ የሀብተ ጊዮርጊስ ይባላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ቤት ጽናት የጌታው ዕድሜ ነበር። ርስት በደም ይወረስ ነበር፤ ጉልትና ሹመት ግን በመሠረቱ የአገልግሎት ዋጋ ስለነበሩ ንጉሥ ይሰጥ፥ ንጉሥም ይነሣ ነበር። ፊታውራሪ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ ጦራቸውንና ግዛታቸውን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ እጃቸው አገቡ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ጥቂት ቀናት ቀድመው ዐርፈው ስለ ነበር፥ የአልጋ ወራሹን ሥልጣን የሚገቱት ሁለቱ አንጋፋዎች በአንድ ወቅት ታጡ።

ከዚህ የምንረዳው፥ የዘር ሐረግ መቍጠር ብቻውን የእንዲህ ዓይነቱን ጌታ ቤት አያስረዳም። ምርኮኛን ጌታ ያደረገው ማደር ነው፤ ጌታው ሲሞት ቤቱን የበተነውም ያው ማደር ነው። ከቤቱ የተረፈው የቦታ ስም ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋልና፥ የሰፈሮቹን ስምና የስማቸውን ምክንያት ከአረጋውያን ጠይቆ መመዝገብ ለታሪክ ተማሪ የማያድር ሥራ ነው እንላለን።