ፀሐይን ለደመና ቀን ያስቀመጠች ስደተኛ

ሲን ኤል ፊል ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያየ ሰው የሶላር ሰሌዳው ከውኃ ታንከሩ ጋር ሲጋፋ ያገኛል። የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የነዳጅ ድጎማው ሲነሳ የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ቢመጣ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9 ቀን ዴር አማርና ዛህራኒ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ ጨርሰው አገሩ ጨለመ። የኢሽቲራክ ጄኔሬተሩ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አቅም ያለው ሁሉ ሶላር ሰቀለ። አቧራውን የምንወለውለው ደግሞ እኛው ነን።

በየቤቱ የምሰማው ክርክር ግን ስለ ሰሌዳው ሳይሆን ስለ ባትሪው ነው። ሌሊቱን ያደርሳል ወይ? ፀሐይማ ሞልቷል፤ ጭንቁ ማቆየቱ ላይ ነው። ይህን ጭንቅ ቀድመው ከያዙት አንዷ እንደኛው አገሯን ትታ የወጣች ሴት ነበረች።

ማሪያ ቴልኬሽ በ1900 ቡዳፔስት ተወለደች። በ1924 በፊዚካል ኬሚስትሪ ዶክትሬቷን ያዘች፤ በዓመቱ ክሊቭላንድ የሃንጋሪ ቆንስል የነበረ ዘመዷን ልትጠይቅ አሜሪካ ሄዳ በዚያው ቀረች። ዜግነት ያገኘችው በ1937 ነው። ከዚያ ኤም አይ ቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም የፀሐይ ኃይል ምርምር ውስጥ ገባች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ ለሚወድቁ አብራሪዎችና መርከበኞች አንድ ዕቃ ሠራች። ታጥፎ ይያዛል፣ ሲነፋ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማውን ውኃ በፀሐይ አትንኖ በቀን አንድ ሊትር ያህል የሚጠጣ ውኃ ያወጣል። ሜዲትራኒያንን በጀልባ የሞከረ ወገን ያላት እህት አንድ ሊትር ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ትልቁ ሥራዋ ግን ቤት ነው። ቤትን በፀሐይ ብቻ ለማሞቅ መጀመሪያ ቆጠራ ያስፈልጋል። በተከታታይ ስንት ቀን ደመና ይሆናል? እዚህ ላይ አማካይ ቁጥር አያዋጣም። ሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ሠራተኛ የዓመቱን አማካይ ቢነግሯት ምን ይበጃታል? የከፋውን ሳምንት ማወቅ ነው። ቴልኬሽ በ1947 ባሳተመችው ጽሑፍ የፀሐይ ቤት ችግር ሙቀትን የማከማቸት ችግር ነው ብላ ርእሱ ላይ አስፍራዋለች።

በ1948 ቦስተን አጠገብ ዶቨር በምትባል ከተማ ቤቱ ተሠራ። ነዳፊዋ ኤሌኖር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን ያወጣችው ቀራፂዋ አሚሊያ ፒቦዲ፣ ሦስቱም ሴቶች። ሌላ ማሞቂያ አልነበረውም። በግድግዳዎቹ መካከል የግላውበር ጨው የሚባል ቶን በቶን ታጭቋል። ይህ ጨው 32 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል፣ ሲረጋ መልሶ ይሰጣል። ፀሐይ ሳይወጣ ለአሥር ቀን ያህል እንዲያሞቅ ታስቦ ነው። የአጎቷ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ገባበት።

ሁለት የብርድ ወቅት ሠራ። በሦስተኛው ጨውና ውኃው እየተለያዩ በየንብርብሩ ቀሩ፣ መያዣዎቹም ዝገው ማፍሰስ ጀመሩ። ተቺዎቿ ከሸፈ አሉ። እኔ ግን ሁለት ክረምት በቦስተን ብርድ ያለ እንጨትና ያለ ከሰል ያለፈን ቤት ከሸፈ ለማለት አፌን አይደፍረኝም። በ1953 ከኤም አይ ቲ ተሰናበተች።

አልተቀመጠችም። ከፎርድ ፋውንዴሽን 45,000 ዶላር አግኝታ ማገዶ ለጠፋባቸው አገሮች የፀሐይ ምድጃ ሠራች፤ እስከ 177 ዲግሪ ይደርሳል። ዳቦ ይጋግራል፣ ወጥም ይሠራል። ለእንጀራ ምጣዱ ከዚህም በላይ መጋል ስላለበት የእኛ እናቶች ጭስ በዚህ አይቀርም ነበር፤ ግን የማገዶውን ሸክም ያሰበ ተመራማሪ በዚያ ዘመን ስንት ነበረ?

ከ20 በላይ ፓተንት አስመዝግባለች። በ1952 የአሜሪካ ሴት መሐንዲሶች ማኅበር ሽልማት ሲጀምር የመጀመሪያው ለእሷ ተሰጠ። እስከ እርጅናዋ ስለ ጨውና ስለ ሙቀት ስትሠራ ኖረች።

አገሯን ለማየት የተመለሰችው በ1995 ነው፤ ከወጣች 70 ዓመት ሆኗት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። 95 ዓመት ሊሞላት አሥር ቀን ሲቀራት ዲሴምበር 2 ቀን እዚያው ቡዳፔስት አረፈች።