የመናገሻ ደንና የመናፈሻ ወሰን



ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ ከተማ በላይ፣ ወጨጫ የሚባለው ተራራ 3,385 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የበቀለበት፣ ጉሬዛና ድኩላ የሚኖርበት የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በዕረፍት ቀን ከከተማ ወጥቶ ንጹሕ አየር ለመቀበል የሚፈልግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ደኑ ውበት ሳይሆን ስለ ወሰኑ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ቤቱም ወደ ተራራው እየቀረበ ሄዷል። ስለዚህ ለሕዝብ መናፈሻ የሚከለል መሬት በምን ሕግ እንደሚሰፋ መመርመር ተገቢ ነው።

ከአባቶች በቃል የወረደው ታሪክ እንደሚለው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባዩት ጊዜ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ዐፄ ምኒልክም በበኩላቸው ደኑ እንዲጠበቅ አዘዋል። በዚያን ጊዜ እንጨት የመንግሥት ጭንቀት ነበር፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ነበር። ሐሳቡ ሲቀር ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያማው ባሕር ዛፍ ነው።

በቃል ትእዛዝ የሚጠበቅ ደን ካርታ የለውም። ወሰኑ ዛፉ ራሱ ስለ ሆነ፣ ዛፉ በተቆረጠ ቁጥር ወሰኑም አብሮ ይሸሻል። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1957 ዓ.ም. የወጡት 225ኛ፣ 226ኛና 227ኛ አዋጆች ደንን የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ብለው ለዩት። ከዚያ ወዲህም አዋጅ በአዋጅ ተተክቷል። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ አዋጁ በወረቀት ላይ እያለ ጠባቂ ያጣ ደን በብዙ ስፍራ ተጨፈጨፈ።

ወሰን በሕግ ስለ መስፋቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በክልሉ ውስጥ ሰው ያርስ፣ ከብት ያግጥ ስለ ነበረና ዋልያውም ስለ ተመናመነ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተጻፈ። መድኃኒቱ መስፋት ብቻ አልነበረም፤ በዳር ያሉት መንደሮች ከወሰኑ እንዲወጡ ተደርጎ የመሳረሪያና የሊማሊሞ ተራሮች ተጨመሩ። ወሰኑ በአንድ በኩል ሲያፈገፍግ በሌላው በኩል ተራመደ ማለት ነው። በመሬት ላይ ከተሠራው ሥራ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 337 ፓርኩን 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አድርጎ አጸና። ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ የተሰረዘው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የጊች መንደር ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ መውረድ ነበረባቸው። ስለ ፓርኩ መዳን ስናወራ ይህን ዋጋ የከፈለውን ገበሬ መዝለል ፍርድ ማጉደል ይመስለናል።

ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ያለበት ተራራ በደቡብ ጎኑ ወደ አዲስ አበባ፣ በሰሜን ጎኑ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል። ስለዚህ መናፈሻው ወደ ሰሜን ይስፋ ቢባል አንድ ምክር ቤት ብቻውን ሊወስን አይችልም፤ የከተማውና የኦሮሚያ ክልል ስምምነት ያስፈልጋል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብን ደን በሕግ ስላወቀ፣ በዳር የሚኖረውን ሕዝብ ከነመብቱ ለማስገባት በር ከፍቷል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ደንብ በእጁ የሚያልፍ ሠራተኛ ካርታውን ብቻ ሳይሆን፣ የነዋሪው መዝገብም አብሮ መያያዙን ቢመለከት መልካም ነው።

በእንጦጦ ግን ከመዝገቡ የሚቀሩም አሉ፤ በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ነጠላና የአንገት ልብስ ወደ መሸመን ተሸጋግረዋል። የቀሩት በተራራው ላይ ቤትም እርሻም ስለሌላቸው፣ ወሰን ሲሰፋ ካሣ የሚቀበሉበት ወረቀት የላቸውም።